ትንሽ ሞተር ወይስ ስፖርት? ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ታወዳድራላችሁ

ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሰበታ እየተመላለሰ ሞተር ሊገዛ ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ይሮጣል?» ብሎ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው በዝግታ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ነው። ጀማሪ የሚወድቀውም፣ ሞተር የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ለማነጻጸሪያ ከትንንሾቹ ያማሃ ዋይቢአር 125ን፣ ከስፖርቶቹ ያማሃ አር3ን እንውሰድ።

1. መንገዳችሁን ለዩ

አስፋልቱ የት ያልቃል? ኮብልስቶኑ የት ይጀምራል? ክረምት ሲገባ ጭቃ የሚሆነው የቱ ጋ ነው? ከኋላ ሰው ታፈናጥጣላችሁ? መሃል ከተማ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በሞተር ላይ ገደብ ከጣለ ወዲህ መንቀሳቀስ የሚቻለው በፈቃድ ነው። ልትገዙት ያሰባችሁት ሞተር የት መንቀሳቀስ እንደሚችል ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ።

2. ጉልበቱን በእኛ ከፍታ አስሉት

በወረቀት ላይ ዋይቢአር ወደ 10፣ አር3 ወደ 42 የፈረስ ጉልበት አላቸው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሁለቱም ሩብ ያህሉን ያጣሉ። 7.5 እና 31 ገደማ ይቀራቸዋል ማለት ነው። ትንሿ 125 ኪሎ ናት፤ 70፣ 70 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ሲጫኑባት አንዱ የፈረስ ጉልበት 35 ኪሎ ይሸከማል። አር3 169 ኪሎ ቢመዝንም የሚደርሰው 10 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። በእንጦጦ ዳገት ሰው አፈናጥጦ ለሚወጣ ስፖርቱ በግልጽ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ያያችኋት ትንሽ ሞተር ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ከሆነች ካንዴላዋን፣ ማለትም እሳት የሚሰጠውን ዕቃ፣ አስፈትታችሁ እዩ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶባታል። ካንዴላ ቀይሮ የሚሸኝ መካኒክ አልወድም፤ የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነ መቀየር ያለባት ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈው ባለ ቀዳዳ ነሐስ ናት፤ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ ትተካ። ባለ ኢንጀክሽን፣ ማለትም ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ሞተር፣ የቤንዚኑን መጠን ራሱ ያስተካክላል፤ የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልስም።

3. በዝግታ ሞክሩት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሻጭ ሁልጊዜ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ነው የሚያስነዳችሁ፤ እናንተ ግን ኮብልስቶን ወይም ኮረኮንች ወዳለበት ይዛችሁት ሂዱ።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ግፉት፤ ትንሽ ተዳፋት ላይም ወደኋላ ጎትቱት። የ44 ኪሎው ልዩነት የሚሰማችሁ ያኔ ነው። የሁለቱም መቀመጫ ከመሬት 78 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ «እግሬ ይደርሳል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ቀጥሎ አንደኛ ማርሽ አስገቡና በእግረኛ ፍጥነት፣ እግራችሁን ሳታወርዱ ሃያ እርምጃ ያህል ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ትንሿ ፍሪሲዮኗን ቀስ ብላችሁ ስትለቁላት በሚኒሞ ብቻ፣ ነዳጅ ሳትሰጧት ትጓዛለች፤ እጃችሁ ቢንቀጠቀጥም ብዙም አትቆጣም። ስፖርቱ ላይ ግን መንገዱ እጃችሁን ሲያነጥረው ነዳጅ ትሰጡታላችሁ፣ ሞተሩም ወዲያው ይወረወራል። ከኮብልስቶን ላይ የሚያስደነግጠው ይህ ነው።

አሁን ጠባብ መንገድ ላይ ዙሩ። የስፖርት ሞተር መሪ እንደ ትንሿ እስከ ጥግ አይዞርም፤ ስለዚህ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ፍሪሲዮኑን በግማሽ ያዙ፣ ነዳጁን አታወዛውዙ፣ የኋላ ፍሬን በስሱ ተጫኑ፣ ዓይናችሁን ወደምትወጡበት አድርጉ። መሪው ተጠምዝዞ ሳለ የፊት ፍሬን አትንኩ! ሞተሩ ወደ ውስጥ ይወድቃል። አንድ ጎረቤቴ ግቢው በር ላይ፣ ሊቆም ሲል እንዲህ ወደቀ። የአንድ ጎኑ ፕላስቲክ፣ መስታወቱና የፍሬን እጀታው ተሰበሩ፤ መለዋወጫው እስኪመጣ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ትንሿ እንዲህ ብትወድቅ ብዙ ጊዜ የሚጣመመው እጀታዋ ነው፤ ተቃንቶ ወይም በርካሽ ተቀይሮ በዚያው ቀን ትነዳለች።

ሙከራውን ዝናብ ከጣለ በኋላ ድገሙት።

4. ቁልቁለት

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርዱ በስፖርት ሞተር ክብደታችሁ የእጅ አንጓችሁ ላይ ያርፋል። ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ እንዲይዝላችሁ አድርጉ። የአር3 የፊት ዲስክ ኃይለኛ ነው፤ ይህ በደረቅ አስፋልት ጥቅም ነው፣ አሸዋ በበዛበት መታጠፊያ ላይ ግን ጎማ ያስቆልፋል። ስለዚህ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ያለውን ብቻ ፈልጉ። በእኔ ዕይታ ኤቢኤስ ከአሥር የፈረስ ጉልበት ይበልጣል።

5. መለዋወጫና ነዳጅ

ሞተሩን ሳትገዙ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የአራት ነገር ዋጋ ጠይቁ፦ የኋላ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና ከነጥርሱ፣ መስታወት። የትንሿን ባለ 18 ጎማ የትኛውም ጎሚስታ ያውቀዋል፤ የአር3 የኋላ ጎማ 140/70-17 ነው፣ «አስመጣለሁ» ከተባላችሁ የምትጠብቁበትን ጊዜ ዋጋው ላይ ደምሩት። ነዳጅ በ100 ኪሎ ሜትር ትንሿ 2.5፣ ስፖርቱ 4 ሊትር ገደማ ይፈልጋሉ። ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ለሁለቱም ያስፈልጋሉ።

6. ምረጡ

ለጀማሪ ያለማመንታት ትንሿን እመክራለሁ፤ ቢያንስ አንድ ክረምት ይነዳባት። በየቀኑ ሰው አፈናጥጦ እንጦጦን የሚሻገር ከሆነ ወደ 150 እና 200 ሲሲ ከፍ ይበል። ስፖርቱን ለሚመኝ ደግሞ መለኪያው ሦስተኛው ደረጃ ነው፦ ሰው አፈናጥጣችሁ፣ በእርጥብ ኮብልስቶን፣ እግር ሳታወርዱ በትንሿ መዞር ስትችሉ አር3ን ሄዳችሁ ሞክሩት። ለሄልሜት፣ ለጓንትና ቁርጭምጭሚት ለሚሸፍን ጫማ የሚሆነውን ገንዘብ ግን ከሞተሩ ዋጋ በፊት ለዩት፤ ሄልሜቱም ያገለገለ አይሁን።