ከብርሃን ውጭ ስለሚታየው ሰማይ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስለ ስበት ሞገድ (ግዙፍ አካላት ሲጋጩ ጠፈርን ራሱን የሚያወዛውዝ ማዕበል) እና ስለ ኒውትሪኖ (ሁሉን ነገር ሳይነካ ለማለት በሚቻል መልኩ ሰንጥቆ የሚያልፍ ጥቃቅን ቅንጣት) የሚወጡ ፖስቶች በዝተዋል። ደስ ይላል። ችግሩ ብዙዎቹ የተምታቱ መሆናቸው ነው፤ ስህተቶቹም ያው ናቸው፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲገለበጡ ይኖራሉ።

የመጀመሪያው፦ በዓይን የማይታየውን ሁሉ «ከብርሃን ውጭ» ማለት

ሬዲዮም፣ ኢንፍራሬድም፣ ኤክስሬይም፣ ጋማ ጨረርም ብርሃን ናቸው። የሚለያዩት በሞገድ ርዝመት ነው። ስለዚህ ጠፈር ላይ ያለው ጄምስ ዌብ የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ የብርሃን ቴሌስኮፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣችው ያቺ ብርቱካናማ ቀለበት፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የብላክ ሆል ምስል፣ የተሠራችው በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ እሷም ያው ብርሃን ናት። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም እንደዚያው። ከብርሃን ውጭ ሲባል የሚወራው ስለ ስበት ሞገድ፣ ስለ ኒውትሪኖ፣ እና ኮስሚክ ሬይ ስለሚባሉት ከጠፈር ስለሚዘንቡ ቅንጣቶች ነው።

«ሳይንቲስቶች የጠፈርን ድምፅ ሰሙ»

አልሰሙም። ሁለት ብላክ ሆሎች ሲጋጩ የተነሳ የስበት ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘበት ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 3 ቀን 2008 ነበር፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ገደማ፣ የእንቁጣጣሽ ሰሞን። አሜሪካ ውስጥ ላይጎ የሚባሉ ሁለት መሳሪያዎች አሉ፣ አንዱ ሉዊዚያና ሊቪንግስተን፣ ሌላው ዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ። እያንዳንዳቸው እንደ ማዕዘን የተጋጠሙ ሁለት ክንዶች አሏቸው፣ የአንዱ ክንድ ርዝመት 4 ኪሎ ሜትር። ሌዘር ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም ክንድ ሄዶ፣ መስታወት መትቶ ተመልሶ ይገናኛል። የስበት ሞገድ ሲያልፍ አንዱ ክንድ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፣ ግን ልዩነቱ ከአንድ ፕሮቶን ስፋት አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም! መጀመሪያ ሊቪንግስተን ተነካ፣ ከ7 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ሃንፎርድ። የተለካው ይሄ ነው፤ የርዝመት ለውጥ። ጠፈር ውስጥ ድምፅ የሚሸከም አየር የለም። የሞገዱ ድግግሞሽ ግን ጆሯችን ከሚሰማው ክልል ውስጥ ስለወደቀ ልኬቱን ወደ ስፒከር አስገብተው አጫወቱት፣ ያቺ «ውይፕ» የምትል ነገር እንግዲህ ከዚያ የመጣች ናት። ከዚህ ድምፅ ጋር በየቪዲዮው የሚታዩት ሁለት የሚሽከረከሩ ብላክ ሆሎችም ኮምፒውተር የሠራቸው ናቸው። ማንም ፎቶ አላነሳቸውም።

«መሳሪያውን ወደ ሰማዩ አዙረው አገኙት»

ላይጎ አይዞርም። ከላይም ከታችም፣ መሬትን አልፎ የመጣውንም ሞገድ ይቀበላል። ችግሩ ከየት እንደመጣ አንዱ መሳሪያ ብቻውን መናገር አለመቻሉ ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 የሆነው ነገር እኔን ከመጀመሪያው ግኝት በላይ የሚገርመኝ። ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች (የፈነዱ ኮከቦች እጅግ የታመቁ ቅሪቶች) ተጋጩ። ሁለቱ ላይጎዎች በደንብ ያዙት፣ ጣሊያን ያለው ተመሳሳይ መሳሪያ ቪርጎ ግን ምንም አላየም ማለት ይቻላል። እና ይሄ «አለማየት» ራሱ መረጃ ሆነ፤ ሞገዱ የመጣው ቪርጎ ማየት ከሚቸግረው አቅጣጫ ነው ማለት ነዋ! የሚፈለገው የሰማይ ክፍል ጠበበ። ከግጭቱ 1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት ጋማ ጨረር አይታ ነበር። 11 ሰዓታት ያህል ቆይቶ ደግሞ ቺሊ ያለ ቴሌስኮፕ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በምትርቅ ጋላክሲ ውስጥ አዲስ ብርሃን አገኘ።

ስለዚህ «የቴሌስኮፕ ዘመን አበቃ» የሚሉትንም በዚሁ እንተዋቸው። ቴሌስኮፖቹ ባይኖሩ ግጭቱ የት ጋላክሲ ውስጥ እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

«ኒውትሪኖ ብርቅ ነው»

በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ስፋት ብቻ በየሰከንዱ ከፀሐይ የመጡ 60 ቢሊዮን ገደማ ኒውትሪኖዎች ያልፋሉ። ብርቁ መያዛቸው ነው። ደቡብ ዋልታ ላይ ያለው አይስኪዩብ 5,160 የብርሃን መቀበያዎችን ከ1,450 እስከ 2,450 ሜትር ጥልቀት በረዶ ውስጥ ቀብሮ ይጠብቃል። አዎ፣ የብርሃን መቀበያ። ኒውትሪኖው በረዶውን ሲመታ የሚፈጠረው ቅንጣት ሰማያዊ ብልጭታ ይተዋል፣ የሚታየውም እሱ ነው። ደግሞ ጎበዝ የሆነው ወደ ታች በማየት ነው፤ ከሰሜን ሰማይ በኩል የሚመጡትን ሌሎች ቅንጣቶች መሬት ራሷ ታስቀርለታለች፣ ኒውትሪኖው ግን ያልፋል።

«ኒውትሪኖ ከብርሃን ይፈጥናል»

ይሄ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1987 የፈነዳው ኮከብ፤ ጃፓን፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የነበሩ መሳሪያዎች 25 ያህል ኒውትሪኖ የያዙት ብርሃኑ ከመድረሱ ከሰዓታት በፊት ነበር። ፈጥነው ግን አይደለም። ኒውትሪኖው ከኮከቡ እምብርት ወዲያው ሾልኮ ይወጣል፣ ብርሃኑ ግን የፍንዳታው ማዕበል የኮከቡ ገጽ ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል። ቀድሞ መነሳት ሌላ፣ መፍጠን ሌላ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2011 አውሮፓ ውስጥ ኒውትሪኖ ከብርሃን ፈጥኖ ደረሰ ያለው ልኬት ነው። የስህተቱ ዋና ምክንያት የላላ የኦፕቲክ ኬብል ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ዜና ዓለምን አዳረሰ፣ እርማቱን ግን ስንቱ ሼር አደረገው?

ማንቂያን ግኝት ማድረግ

ላይጎና አጋሮቹ የስበት ሞገድ የሚመስል ነገር ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ለሁሉም ክፍት የሆነ ማንቂያ ያወጣሉ፣ ቴሌስኮፖች ቶሎ እንዲዞሩ። አንዳንዱ በኋላ ይሰረዛል። ግሬስ ዲቢ የሚባለው ገጻቸው ላይ እያንዳንዱ ማንቂያ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችልና ተሰርዞ እንደሆነ ተጽፏል፤ ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት እዚያ ገብታችሁ እዩት።