የእንስሳትን አንጎልና ባህርይ ስንተረጉም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስለ እንስሳት አእምሮ ሲወራ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ "እንስሳ ደግሞ ምን ያስባል!" ይላል። ሌላው ውሻውን ሰው ሊያደርገው ምንም አይቀረው። ሁለቱም እንስሳውን በደንብ አላዩትም ባይ ነኝ።

ፊቱን አይቶ መፍረድ

ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጆሮ ወደ ኋላ፣ ዓይን ወደ ጎን፣ ጅራት እግር መሀል። "ጥፋቱን አውቆ ነው" እንላለን። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት ይህንኑ ፈተነችው። ባለቤቱ ውሻውን ምግቡን እንዳይነካ ከልክሎት ይወጣል። ሲመለስ ውሻው ይብላ አይብላ ይነገረዋል፤ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ እውነቱ አይደለም። ያ የአጥፊ ፊት የመጣው ውሻው ስለበላ ሳይሆን ባለቤቱ ስለተቆጣ ነበር። እንዲያውም ምንም ሳያጠፉ በተቆጧቸው ውሾች ላይ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ይህ ማለት ውሻ ጸጸት አያውቅም ማለት አይደለም። ፊቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ነው ነገሩ።

አንጎልን በትልቅነቱ መመዘን

የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉት። የአፍሪካ ዝሆን 257 ቢሊዮን ገደማ፣ የእኛን ሦስት እጥፍ። ግን 98 በመቶ ያህሉ ያሉት ከኋላ በኩል ባለው ሴሬብለም ውስጥ ነው፤ እንቅስቃሴን በማቀናጀት የሚታወቀው ክፍል ማለት ነው። ለማሰብ ትልቅ ድርሻ ባለው የአንጎል ቅርፊት (የውጭው ሽፋን) ላይ ግን ዝሆን 5.6 ቢሊዮን ሲኖረው ሰው 16 ቢሊዮን ገደማ አለው። ቁራና በቀቀን ደግሞ አንጎላቸው ትንሽ ቢሆንም ሴሎቹ ጥቅጥቅ ብለው የተጠጋጉ ናቸው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስንት ሴል የት አለ የሚለው ነው።

"ውስጣችን የተሳቢ እንስሳ አንጎል አለ" የሚለው ወሬም ጊዜው አልፎበታል። አንጎል በአሮጌው ላይ አዲስ ፎቅ እየተጨመረበት አልመጣም።

ሳይታወቀን መልሱን መንገር

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ጥንቁቁን ሰውም ይጥለዋልና። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሐንስ የሚባል ፈረስ ሒሳብ ይሠራል ተባለ። ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይቆጥራል። ባለቤቱ አታላይ አልነበረም። በ1904 ነገሩን የመረመረ ኮሚሽንም ማጭበርበር አላገኘም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦስካር ፕፉንግስት ግን አንድ ቀላል ነገር ሞከረ። መልሱን የማያውቅ ሰው እንዲጠይቀው አደረገ፤ ፈረሱ ተሳሳተ። ጠያቂው እንዳይታየው ሲደረግም ተሳሳተ። ለካ ሰው ጠይቆ ሲጨርስ ኮቴውን ለማየት ትንሽ ጎንበስ ይላል። ቁጥሩ ሲሞላ ደግሞ ሳያውቀው ራሱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል። ፈረሱ የሚያቆመው ያኔ ነው። ሒሳብ አያውቅም፤ ሰውን ማንበብ ግን እንዴት አድርጎ ያውቅበታል!

በ1963 ሮዘንታልና ፎድ የተባሉ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር በአይጦች አሳዩ። ለተማሪዎች አይጦች ሰጧቸው፤ ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች "አይጦቻችሁ ጎበዝ ናቸው"፣ ለሌሎቹ "ደካማ ናቸው" ተባሉ። በአይጦቹ መካከል ልዩነት አልነበረም። ውጤቱ ግን የተነገራቸውን ተከትሎ መጣ። ለዚህ ነው ባህርይ የሚመዘግበው ሰው የትኛው እንስሳ በየትኛው ቡድን እንዳለ ማወቅ የሌለበት።

ሁሉንም በዓይን መፈተን

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጎርደን ጋሎፕ በ1970 ቺምፓንዚዎች በመስታወት ራሳቸውን እንደሚለዩ አሳየ። ውሾች በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። ግን ውሻ ዓለምን የሚያውቀው በአብዛኛው በአፍንጫው ነው። የራሱ ሽንት ሌላ ጠረን ተቀላቅሎበት ሲቀርብለት፣ ከተለመደው የራሱ ጠረን ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያሸተዋል። ፈተናውን ለእንስሳው ሳናስተካክል "ወደቀ" ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በስካነር የታየውን በስሜት ስም መጥራት

የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሳይንቲስት ግሪጎሪ በርንስ ውሾች ሳይደነዝዙና ሳይታሰሩ ኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በምስል የሚያሳይ ማሽን) ውስጥ ጸጥ ብለው እንዲተኙ አሠለጠነ። ለጆሯቸው መከላከያ ተደረገላቸው፤ ካልፈለጉ ተነስተው መሄድ ይችላሉ። ምግብ እንደሚመጣ የሚያሳይ የእጅ ምልክት ሲያዩ ደስ የሚል ነገር ሲጠበቅ የሚነቃው ኮዴት የተባለው የአንጎል ክፍል ነቃ አለ። ይህንን አይቶ "ፍቅር ተገኘ" ማለት ግን ስህተት ነው። ያው ክፍል የሚነቃባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው።

ቡድኑ በኋላ ያደረገው ይበልጥ ያሳምናል። ውሾቹ ምግብና የባለቤታቸውን ሙገሳ ሲጠብቁ አንጎላቸው የሚሰጠውን ምላሽ ለካ። ከዚያ ውሾቹን ለቅቆ፣ በአንድ በኩል ምግብ፣ በሌላው ባለቤታቸው ባለበት እንዲመርጡ አደረገ። አንጎላቸው ለሙገሳ ይበልጥ የነቃው ውሾች ወደ ባለቤታቸው የመሄድ ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነበር።