የዱር እንስሳት ፎቶ፦ ካሜራና ረጅም ሌንስ ስትመርጡ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጀቱን ካሜራው ላይ መጨረስ

ሚረርለስ ካሜራ (ውስጡ መስታወት የሌለው ዘመናዊ ካሜራ) ለመምረጥ ብዙ ሰው ወራት ያጠፋል። ቪዲዮ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ያወዳድራል። ሌንሱን ግን በተረፈችው ገንዘብ ይገዛል። ለሠርግ ፎቶ ይህ ያን ያህል አይጎዳም፤ ሙሽሮቹ ቁሙ ሲባሉ ይቆማሉ። ወፏ ግን ሁለት እርምጃ ስትጠጓት እብስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሌንሱን ምረጡ፤ ካሜራው ይከተለዋል። ካሜራ በጥቂት ዓመት ያረጃል፣ ጥሩ ሌንስ ግን ሁለት ሦስት ካሜራ ይሸኛል።

ሌንሱ ከሌላ አምራች ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚቀርባችሁ ቀድማችሁ አጣሩ። ሲግማና ታምሮን የሚሠሯቸው ሌንሶች ሶኒ ካሜራ ላይ ጥሩ ይሠራሉ። ነገር ግን የተከታታይ ፎቶው ፍጥነት በሰከንድ 15 ፎቶ ላይ ይገደባል፤ ቴሌኮንቨርተርም (በሌንሱና በካሜራው መካከል ገብቶ ይበልጥ የሚያቀርብ መሣሪያ) አይገጠምላቸውም። ካሜራውን በሰከንድ 30 ያነሳል ብሎ ለገዛ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሚሊሜትሩን ብቻ ማየት

ሚሊሜትሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ነው፤ ሲበዛ ይበልጥ ያቀርባል። ግን 600 ሚሜ ሁሉ እኩል አይደለም። ካነን 930 ግራም ብቻ የሚመዝን 600 ሚሜ ሌንስ አለው፤ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው ግን ኤፍ/11 ላይ የተቆለፈ ነው (የኤፍ ቁጥር ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)። የሶኒ 200-600 ወይም የኒኮን 180-600 በረጅሙ ጫፍ ኤፍ/6.3 ናቸው። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ብርሃን ነው። ጎህ ሲቀድ በኤፍ/6.3 አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት፤ ሲጨምር ፎቶው ይሻክራል) 1600 የሚበቃችሁ ከሆነ፣ በኤፍ/11 በዚያው የሹተር (የብርሃን መዝጊያው) ፍጥነት 5000 ገደማ ትፈልጋላችሁ። ብዙዎቹ እንስሳት ደግሞ የሚንቀሳቀሱት ጠዋት በማለዳና ሲመሻሽ ነው። ብርሃኑ ሲሞላላችሁ እነሱ ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ኤፍ/11 መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በጠራ ፀሐይ፣ ብዙ በእግር ለሚሄድ ሰው፣ እኔ በደስታ እመርጠዋለሁ። ምን እንደሚያስከፍላችሁ ዐውቃችሁ ግዙት ነው የምለው።

ቴሌኮንቨርተርም እንዲሁ ነው። 1.4 እጥፉ የብርሃኑን ግማሽ፣ 2 እጥፉ ሦስት አራተኛውን ይወስዳል። ኤፍ/6.3 የነበረው ዙም በ2 እጥፉ ኤፍ/13 ሆኖ ቁጭ ይላል። ፎከሱ ይዘገያል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። ፈጣን ፕራይም ሌንስ (ቀዳዳው ሰፊ የሆነ፣ ዙም የማያደርግ) ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ዙም ላይ ግን ባይለምዳችሁ ይሻላል።

ከርቀት የተነሳ ፎቶ ሲደበዝዝ ሌንሱን የሚወቅስም ሞልቷል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከጋለ መሬት የሚነሳው የሚርገበገብ አየር ነው። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ሌንስ የለም። ወይ ማልዶ መውጣት ነው፣ ወይ መጠጋት።

"ትንሹ ሴንሰር ሌንሱን ያረዝመዋል" ብሎ ማመን

ሴንሰር ምስሉን የሚቀበለው ቺፕ ነው፤ ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ ነው፣ ኤፒኤስ-ሲ ከዚያ ያንሳል፣ ማይክሮ ፎር ተርድስ ደግሞ ከሁለቱም ያንሳል። 400 ሚሜ ሌንስ በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ የ600 ሚሜ ያህል፣ በካነን ኤፒኤስ-ሲ የ640፣ በማይክሮ ፎር ተርድስ ደግሞ የ800 ያህል ዕይታ ይሰጣል። ሌንሱ ግን አልተለወጠም። የተቆረጠው የምስሉ ጠርዝ ነው። እንስሳው ላይ ስንት ፒክስል ያርፋል ብላችሁ ጠይቁ። 45 ሜጋፒክስል ያለው ፉል ፍሬም ወደ ኤፒኤስ-ሲ ስፋት ቢቆረጥ 20 ገደማ ይተርፈዋል። 24 ሜጋፒክስሉ ግን ወደ 11 ይወርዳል። ስለዚህ በጀታቸው ውስን ለሆነና ብርሃን ባለበት ለሚያነሱ፣ ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ከርካሹ ፉል ፍሬም የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

በሰከንድ ስንት ፎቶ በሚለው መማረክ

በጣም የሚያታልለው ቁጥር ይህ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሹተር (የሚንቀሳቀስ መዝጊያ ሳይኖር) አብዛኛው ሴንሰር ምስሉን መስመር በመስመር፣ ከላይ ወደ ታች ያነባል። ንባቡ ዘገምተኛ ከሆነ ክንፏን የምታማታ ወፍ ታች ስትደርስ ቦታ ቀይራለች። ክንፉ ተጣሞ ይወጣል፤ በኋላ የሚያስተካክለው ሶፍትዌርም የለም። ካነን አር7 በኤሌክትሮኒክ ሹተር በሰከንድ 30 ያነሳል፤ ሴንሰሩ ግን ፈጣን አንባቢ አይደለም። ለሚበር ወፍ 15 የሚያነሳውን ሜካኒካል ሹተር መጠቀም ይሻላል። የሶኒ ኤ7አር 5 ባለ 61 ሜጋፒክስሉም ለቆመ እንስሳ ድንቅ ነው፤ በኤሌክትሮኒክ ሹተር ለሚበር ነገር ግን አልመክረውም።

ስታክድ (ተደራራቢ) የሚባለው፣ ምስሉን በፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። ኒኮን ዜድ9 በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ሜካኒካል ሹተሩን ጭራሽ አስወግዶ ነው የመጣው፤ ሴንሰሩ እስከዚህ ድረስ ፈጣን ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው ሶኒ ኤ9 3 ደግሞ ምስሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያነባል፤ ማጣመም የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ስለ አንድ ካሜራ ስታነቡ የፎቶውን ብዛት ትታችሁ የሴንሰሩን የንባብ ፍጥነት ፈልጉ።

ማረጋጊያው እንስሳውንም ያቆመዋል ብሎ ማሰብ

አያቆመውም። በካሜራው ወይም በሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የሚያስተካክለው የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ለሚበር ወፍ 1/2000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ የሹተር ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ማረጋጊያ ኖረም አልኖረም።

ክብደቱን ወረቀት ላይ ብቻ ማንበብ

የሶኒው 200-600 ከ2 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፤ ከካሜራው ጋር ወደ 3 ይጠጋል። የካነን 100-500 ያለ ትራይፖድ ማሰሪያው 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዓይናችሁ ላይ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ስትጠብቁ ግን ክንድ ይቆርጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ተከራዩ፣ ካልሆነም ተውሳችሁ ግማሽ ቀን ይዛችሁ ዙሩ። ዙም ስታደርጉ የማይረዝም ሌንስ ሚዛኑ ስለማይዛነፍ እጅ ላይ ይቀላል።

ካርዱን መናቅ

በሰከንድ 20 ሮው (ያልተጨመቀ ጥሬ ምስል የሚይዝ፣ ትልቅ ፋይል) ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ላይ ቀርፋፋ የማስታወሻ ካርድ ብትከቱ በፈሩ (ካሜራው ፎቶዎቹን ለጊዜው የሚያቆይበት ማህደር) ሞልቶ ካሜራው ጭጭ ይላል፤ ያውም አቦ ሸማኔው ሩጫ ሲጀምር። ካሜራው የሚቀበለውን ፈጣኑን ዓይነት ግዙ። ትርፍ ባትሪም ያዙ። ሚረርለስ ስክሪኑ ወይም ቪውፋይንደሩ (በዓይን የሚታይበት መመልከቻ) ሁልጊዜ ስለሚሠራ ስትጠብቁም ባትሪ ይበላል።