የእናት የሉል ሐብል ሲላላ፦ ችግርና መፍትሄ

ሐብሉን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግና መቆለፊያውን ማየት ታውቃላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ።

እውነተኛ ነው አርቲፊሻል? የፊት ጥርሳችሁ ጫፍ ላይ ቀስ አድርጋችሁ እሹት። ደቃቅ አሸዋ ከመሰላችሁ ሉል ነው፤ ሙልጭልጭ ካለ ቀለም የለበሰ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ነው። በላይተር አትለብልቡ! ኮምጣጤ ውስጥም አትክተቱ! ሉል ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል። "ሞክሬው ነው" ብለው እንደ ኖራ የነጣ ፍሬ ያመጡልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው።

የተፈጥሮውን ሉል በሰው እጅ ከለማው (ሰው ዛጎል ውስጥ ባዕድ ነገር ከትቶ ካሳደገው) ጥርስ አይለይም፤ ራጅ ነው የሚለየው። ሚኪሞቶ የተባለው ሉል አልሚ ጃፓን ውስጥ ግማሽ ክብ ሉል ያለማው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሙሉ ክቡ ገበያ የገባው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት መገዛቱ የታወቀ፣ በተለይም ከዳህላክ ደሴቶች በምጽዋ የመጣ ከሆነ፣ የተፈጥሮ ሊሆን ይችላልና ሳትነኩ አስመርምሩ።

ቀዳዳው ዙሪያ ቀለሙ ከተላጠ አርቲፊሻል ነው፤ መድኃኒት የለውም። ቢጫ ከሆነ ዕድሜው ነው። በረኪና ያሰበ እጁን ይሰብስብ።

አሁን ወደ ዋናው። ምልክቱ፦ በፍሬዎቹ መሀል ቋጠሮ የለም፣ ክር ይታያል፣ ሐብሉም አንገት ላይ እንደ ሽቦ ይገተራል። መነሻው ከአሥር ዘጠኙ "አጎቴ ጠገነልኝ" የሚሉት ነው፦ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን፣ ጫፉ ላይ ሱፐር ግሉ። ናይለን ቋጠሮ አይዝም፤ ሙጫው ደግሞ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ የአያታቸውን ሐብል አድርገው ቤተክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተፈታባቸው። ከ71 ፍሬ 58ቱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው መጡ። በየመሀሉ ቋጠሮ ቢኖር የምትጠፋው አንዲት ፍሬ ነበረች።

መፍትሄው፦ ፎጣ ዘርጉ፣ እጥፋቱ ላይ ፍሬዎቹን በተራቸው ደርድሩ። የድሮ ሐብል መሀሉ ትልቅ፣ ጫፉ ትንሽ ነውና ተራው ከተዛባ ቅርጹን ታጡታላችሁ። ክሩ የሐር ይሁን፤ ለ45 ሴንቲ ሜትር ሐብል 2 ሜትር ቁረጡና ድርብ አድርጉት። ከእያንዳንዱ ፍሬ ኋላ ላላ ያለ ቋጠሮ ሥሩ፣ መርፌ ከትታችሁ እስከ ፍሬው አፍ ግፉት፣ መርፌውን አውጡና ሁለቱን ክሮች ግራና ቀኝ ሳቡ። ቋጠሮው ቀዳዳ ውስጥ ከሰመጠ ክሩ ቀጭን ነው፤ ፍቱና በወፍራም ጀምሩ። አዎ፣ ከመጀመሪያው። መቆለፊያው ጋ ክሩን ብረቱ እንዳይበላው ስስ ጥቅል ሽቦ አልብሱት።

ሙጫ የደፈነውን ቀዳዳ ውሃ እያስነካችሁ በቀጭን መሰርሰሪያ በእጅ አዙሩ። በሞተር ይሰነጠቃል። ሙጫውን በአሴቶን (በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ላሟሟ አትበሉ፤ የአርቲፊሻሉን ቀለም ይገፍፋል።

ሽቶ ቀድማችሁ ተቀቡ፣ ሐብሉን መጨረሻ አድርጉ። አንጠልጥላችሁ አታስቀምጡ፣ ክሩ ይሳባል።

የእናትየውን በ58ቱ ሠራሁት። ለመልሱ ደረሰ፤ አንገታቸው ሥር ጥብቅ ብሎ።