ከቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ማስመጣት፦ ቀብድ ከመላኩ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የአስመጪው ዓይን ቻይና ላይ ነው። የቻይና ፋብሪካዎች በ2023 ከ30 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ አምርተው 4.9 ሚሊዮን ያህሉን ወደ ውጭ በመላክ ጃፓንን ቀድመዋል። ፋብሪካዎቹ አገር ውስጥ በዋጋ ስለሚተናነቁ መኪናው ይረክሳል፣ ሻጩም ቶሎ እንዲወሰን ይገፋፋል። እዚህ ላይ ነው መረጋጋት የሚያስፈልገው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ መኪናቸው የቆመባቸው ሰዎች ችግራቸው የተፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወር በፊት፣ ቀብድ በላኩበት ቀን ነው።

መጀመሪያ ባንክ ነው። ንግድ ፈቃድዎ ተሽከርካሪ ማስመጣትን የሚጨምር መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ፕሮፎርማ ይዘው ባንክዎ ይቀርባሉ፤ ክፍያው በኤልሲ (ሰነድ ሲሟላ ባንኩ ለሻጩ እንደሚከፍል ቃል በሚገባበት ደብዳቤ) ይሁን በሌላ መንገድ ባንኩ ፈቅዶ መመዝገብ አለበት። በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም ከባንክ ምንዛሪ ሳይወስድ በራሱ የውጭ ገንዘብ፣ የሚያስገባም ፈቃዱን አስቀድሞ መያዝ አለበት። ገንዘቡን ዱባይ ባለ ዘመድ በኩል ከፍሎ መኪናውን ካስጫነ በኋላ የባንክ ወረቀት መፈለግ የተለመደ ስህተት ነው። ጉምሩክ ከባንኩ ፈቃድ ጋር የማይገናኝ ኢንቮይስ ይዞ የመጣን ጭነት አይለቅም፤ የመጋዘን ኪራዩ ደግሞ አይጠብቅም።

ሻጩ የሚያቀርብልዎ የትኛውን መኪና ነው?

አንድ ሞዴል በሦስት መልክ ለገበያ ይቀርባል፤ ዋጋውም ይለያያል።

አንደኛው ፋብሪካው ለውጭ ገበያ ብሎ የሠራው ነው። ዳሽቦርዱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ የፋብሪካ ዋስትና ይኖረዋል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሁለተኛው ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በነጋዴ በኩል የሚወጣ አዲስ መኪና ነው። ስክሪኑ በቻይንኛ ነው፤ ውስጡ ያለው ሲም ካርድ እዚህ ስለማይሠራ የስልክ መተግበሪያውም ሆነ በኢንተርኔት የሚመጣው ሶፍትዌር ማሻሻያ ሊቋረጥ ይችላል። «እዚያ እናስተረጉመዋለን» ብለው ሶፍትዌሩን በጓሮ የሚቀይሩ አሉ፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ሲበላሽ የሚነካልዎ ጋራዥ ማግኘት ከባድ ነው።

ሦስተኛው «ዜሮ ኪሎሜትር ያገለገለ» የሚባለው ነው። ያልተነዳ አዲስ መኪና ቻይና ውስጥ ታርጋ ይወጣለትና ወዲያው ተሰርዞ «ያገለገለ» ተብሎ ይወጣል። ዋጋው የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን በሰነድ ያገለገለ ስለሆነ እዚህም በዚያው መልክ ሊስተናገድ ይችላል፤ ዋስትና ካለውም መቁጠር የጀመረው ታርጋው ከወጣበት ቀን ነው። የቻይና ንግድ ሚኒስቴርም ይህን በር አጥብቦታል፦ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከተመዘገበ 180 ቀን ያልሞላው መኪና ሲወጣ ከአምራቹ የጥገና አገልግሎት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ከዚያው ቀን ጀምሮ አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልም ያለ ወጪ ንግድ ፈቃድ አይወጣም። ስለዚህ ሻጩን የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «በየትኛው ፈቃድ ነው የምታወጣው?» የሚል ይሁን። ቅጂውን የማያሳይ ሻጭ ጋር ስለ ዋጋ አይነጋገሩ።

ፕሮፎርማው ላይ የሚነበበው

የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ በቻይና የተሠራ ከሆነ በላቲኑ ኤል ይጀምራል። አሥረኛው ቦታ የሞዴል ዓመቱን ይነግራል፦ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025፣ ቲ 2026 ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት በሻንሲ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ ዜሮን «ኦ» ብሎ የጻፈ ፀሐፊ ግን ሞልቷል። አንዲት ፊደል ስትሳሳት ኢንቮይሱ፣ የመርከብ ሰነዱና መኪናው ላይ የተቀረጸው አይገናኙም፤ ማስተካከያው ከቻይና ተመልሶ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል። ስለዚህ በመስታወቱ ሥር ያለውን ቁጥር ቅርብ ፎቶ ያስልኩና ከፕሮፎርማው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። መኪናው ገና ካልተመረተ ሻጩ ቁጥሩን ከመጫኑ በፊት እንዲልክ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ቀጥሎ የቻርጅ መሰኪያውን ክፍት አድርገው ፎቶ እንዲያነሱልዎ ይጠይቁ። ሁለት የተለያዩ ሶኬቶች፣ አንዱ ለቀስታ ሌላው ለፈጣን ቻርጅ ከታዩ የቻይናው ጂቢ/ቲ ነው። አንድ ሶኬት ሆኖ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ ካለው የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ነው። የትኛው ይሻላል ለሚለው ክርክር መልሱ እርስዎ በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ያለው ቻርጀር ነው፤ ሄደው ይዩት። አስማሚ ገዝቼ እወጣዋለሁ ማለት ለቀስታው ቻርጅ ይሠራል። በፈጣኑ ግን መኪናውና ቻርጀሩ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ራሱ የተለያየ ስለሆነ አስማሚው ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለው ውድ ዕቃ ነው፣ ሁልጊዜም አይስማማም።

ሻጩ የሚጽፈው የጉዞ ርቀት በቻይና መለኪያ የተሰላ ነው፤ መለኪያው ለስላሳ ነው። 500 ኪሎሜትር የተባለውን በፍጥነት መንገድ 350 አድርገው ቢያስቡ ደንበኛዎ በኋላ አይወቅስዎትም።

ሒሳቡ

የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ውሳኔ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣ ዜሮ ሆኗል፤ ከቫት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስም ነጻ ተደርጎ ነበር። የታክስ ሕግ በየጊዜው ስለሚሻሻል ትራንዚተርዎ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚዎ) ፕሮፎርማውን ይዞ በዕለቱ ታሪፍ የሚከፈለውን ሁሉ በጽሑፍ ያስላልዎ። በቃል የተነገረ ግምት ይዞ ቀብድ አይላክም።

ስሌቱ በምሳሌ እንዲህ ነው። መኪናው ቻይና ወደብ ላይ 13,000 ዶላር፣ ማጓጓዣው 2,300፣ ኢንሹራንሱ 150 ቢሆን ቀረጥ የሚጣልበት 15,450 ዶላር ነው። 15 በመቶው 2,317.50 ይሆናል። በከፊል ተገጣጥሞ ቢመጣ 772.50 ነው። ልዩነቱ ለአሥር መኪና ሲደመር ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ጨምሮ ልክ የአንድ መኪና ዋጋ ይሆናል። መገጣጠምን የሚያጓጓው ይኸው ነው፤ ማራቶን ሞተር በ2020 ሀዩንዳይ አዮኒክን አዲስ አበባ ላይ ገጣጥሞ አሳይቷል። ነገር ግን ባትሪ የሚያነሳ ሊፍት፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና ያለው ባለሙያና የአምራችነት ፈቃድ ይፈልጋል። በዓመት ሦስት አራት መኪና ለሚያስገባ ሰው አያዋጣም።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ቀረጡ በብር የሚሰላው ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫው) በሚመዘገብበት ጊዜ ባለው ምንዛሪ ነው፤ ብር ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን፣ ሲያዝዙና ሲያወጡ ያለው ዋጋ አንድ አይሆንም፣ መጠባበቂያ ይያዙ። ሌላው ኢንቮይስ ማሳነስ ነው። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው፤ ዝቅ ያለውን ጥሎ በራሱ ያሰላል፣ ቅጣትም አለው።

አጫጫን

ባለ 40 ጫማ ከፍ ያለ ኮንቴነር ውስጡ 12.03 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ሜትር ስፋት አለው። 4.7 ሜትር የሆኑ ሁለት መኪኖች ወለሉ ላይ ይቆማሉ፤ በብረት መደርደሪያ አዘንብለው ሦስት ወይም አራት የሚጭኑ አሉ። ጎኑን ያስቡት፦ 1.87 ሜትር የሚሰፋ መኪና በየጎኑ 24 ሳንቲሜትር ብቻ ይተርፈዋል። በሩ በደንብ አይከፈትም፣ ሾፌሩ በመስኮት ነው የሚወጣው። ማሰሪያው ጎማውን ወይም የፋብሪካውን መጎተቻ ቀለበት መያዝ አለበት፤ ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘውን የሳስፔንሽን ክንድ ሲያስሩ ከጂቡቲ እስከ ሞጆ ባለው መንገድ ይጣመማል። ከመታሸጉ በፊት የአራቱንም ማዕዘን ፎቶ ያስልኩ።

መኪናው ሊቲየም ባትሪ ስላለው በአደገኛ ጭነት ሥር መመዝገብ አለበት። እስከ 2025 የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 3171 ነው፤ ከ2026 ጀምሮ የሊቲየም አዮን ባትሪ ያለው መኪና 3556 ነው። አሮጌውን ቁጥር ከድሮ ሰነድ ገልብጦ የሚልክ ላኪ ካለ ጭነቱ ወደቡ ላይ ይቀራል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ አይጫንም። የመርከብ ድርጅቱ የራሱን ገደብ ካላስቀመጠ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይበቃል፤ ከ20 በታች ግን አያስጭኑ፣ መንገዱ ረጅም ነው።

ኢንሹራንሱ ሁሉንም አደጋ የሚሸፍን ሆኖ እስከ አዲስ አበባ መጋዘንዎ የሚዘልቅ ይሁን። ጂቡቲ ላይ የሚያበቃ ውል በርካሽ ይገኛል፤ ጉዳት የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ከጂቡቲ ወዲህ ነው። በመልቲሞዳል ከመጣ በአንድ የመርከብ ሰነድ እስከ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። በዩኒሞዳል ከሆነ ጂቡቲ ላይ የሚጨርስልዎ ትራንዚተር ያስፈልግዎታል፤ ሰነዱ ከመርከቡ ቀድሞ እጁ ይግባ።

ኮንቴነሩ ሲከፈት

ብዙዎች የሚደነግጡት እዚህ ነው። መኪናው ሞቷል፤ ቁልፉ አይሠራም፣ ተደብቆ የሚቀረው እጀታ አይወጣም። ትልቁ ባትሪ ደህና ነው፤ ያለቀው ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት፣ ሁለት ወር ስትፈስ ከርማለች። በሪሞቱ ውስጥ ያለውን የብረት ቁልፍ መዝዘው የሾፌሩን በር ይክፈቱ፣ ኮፈኑን አንስተው በተንቀሳቃሽ ማስነሻ 12 ቮልቱን ይቀስቅሱ። ካልተቀሰቀሰች የእጅ ፍሬኑም ኤሌክትሪክ ስለሆነ አይለቅም። በገመድ መጎተት የለም፦ ነጂው ጎማ ሲሽከረከር ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኮንትሮሉን ያቃጥላል። የሚንቀሳቀሰው በሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ባለ ተሽከርካሪ ጫኝ መኪና) ወይም ጎማው ሥር በሚገባ ሮለር ነው። ርክክብ ላይ ከመፈረምዎ በፊት ጭረቱን፣ የኪሎሜትር ንባቡንና ከመኪናው ሥር ያለውን የባትሪ ሽፋን ፎቶ አንስተው ጉዳቱን በርክክብ ሰነዱ ላይ ያስጽፉ። ንጹሕ ነው ብለው ከፈረሙ ኢንሹራንሱ አይሰማዎትም።

ቤት ሲደርስ

የቻይናም የእኛም መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፤ የሚለየው የፕለጉ ቅርጽ ብቻ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን ከ20 በመቶ ለመሙላት 48 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በ32 አምፔር ቻርጀር ሰባት ሰዓት ገደማ ነው፤ 10 አምፔር በሚስብ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ግን 22 ሰዓት ይወስዳል። ለ32 አምፔር ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው የተሳበ 6 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ 40 አምፔር ብሬከርና ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ ኃይሉን የሚያቋርጥ መቁረጫ ያስፈልጋል። ብዙ ግቢ ውስጥ መሬት (ኧርዝ) የለም፤ ቻርጀሩም ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ይላል። ያን ጊዜ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር አገናኝቶ «አሠራሁት» የሚል ኤሌክትሪሺያን አለ። ኒውትራሉ አንድ ቀን መስመር ላይ ቢበጠስ የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል፣ በሩን የሚነካውም ልጅዎ ሊሆን ይችላል። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ በመለኪያም ይታይ።

ለሚቀጥለው ጭነት ደግሞ በዚያው ኮንቴነር የፊት መብራት፣ የጎን መስታወት፣ የፊት ባምፐር፣ የፍሬን ሸራ፣ 12 ቮልት ባትሪና አንድ ትርፍ ቻርጀር ያስገቡ፤ ለኤሌክትሪክ መኪና መለዋወጫ እዚህ እንደ ቪትዝ ዕቃ በየሱቁ አይገኝም። እያንዳንዱ ዕቃ በኢንቮይሱና በፓኪንግ ሊስቱ ላይ በስሙ ይጻፍ። የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተወትፎ የተገኘ ያልተመዘገበ ባምፐር መኪናውን ጭምር ያስይዛል።