ከአሮጌ ሸሚዝ የሚሰፋ የቁም ሳጥን መዓዛ ከረጢት

ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ ብዙ ጊዜ ደረቱና ጀርባው ደህና ነው። አዝራሩ ያለበት ቦታ ደግሞ ለከረጢቱ እንደ በር ያገለግላል፤ ውስጡ የሚገባው ደረቅ ቅጠል (ጠጅ ሳርና የጥብስ ቅጠል) ሽታው ሲጠፋ የሽፋኑ ስፌት ሳይተረተር ከፍቶ መቀየር ይቻላል።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ ስትሉ ትንፋሹ የሚያልፍ ከሆነ ይበቃል። የብብቱን አካባቢ ተዉት፤ የላብ ሽታ ከታጠበም በኋላ ይመለሳል። ሽታ ባለው ማለስለሻ አትጠቡት፣ ሽታው ከቅጠሉ ሽታ ጋር ይጋጫል።

ሥራው ግን የሚበላሸው ስፌቱ ላይ ሳይሆን አደራረቁ ላይ ነው። ጠጅ ሳሩን በመቀስ 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ እያደረጋችሁ ቆራርጡ፣ የጥብስ ቅጠሉን ከነእንጨቱ ተዉት፣ ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ጥላና ነፋስ ባለበት አስጡ። ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ሽታውም አብሮ ይተናል። በበጋ ከ5 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። በክረምት ሻጋታ ስለሚቀድም እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ምጣዱ እጅ የሚያስቀምጥ ያህል ሲበርድ ላዩ ላይ መበተን ይረዳል። የደረሰ ቅጠል ሲጨበጥ ይንኮሻኮሻል። ከተጠራጠራችሁ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት ጠርሙሱ ላይ እርጥበት ካያችሁ አልደረቀም። እንዲህ ያለውን ከነጭ ልብስ ጋር ብታስቀምጡ ሻጋታው ወደ ልብሱ ይዘልቃል።

ለአንድ ከረጢት፦ አንድ የቡና ሲኒ ጠጅ ሳር፣ ግማሽ ሲኒ የጥብስ ቅጠል፣ ግማሽ ሲኒ የጥድ ፍቅፋቂ፣ ከ6 እስከ 8 ቅርንፉድ፣ ፈንከት የተደረጉ 2 ኮረሪማ። የጥዱን ፍቅፋቂ ከአናጢ ቤት ስትወስዱ ከኤምዲኤፍ (በሙጫ ተጠቅጥቆ ከተሠራ ጣውላ) ብናኝ ጋር ያልተቀላቀለ መሆኑን እዩ፤ ያኛው ሙጫ አለበት። ቅመሙን አታድቅቁት፤ ዱቄት በጨርቁ ይወጣል፣ ሽታውም ቶሎ ያልቃል። ኮረሪማው በነቀዝ የተበሳ ከሆነ ጣሉት። ከርቤ የሚወድ አንድ ቁራጭ መጨመር ይችላል፤ ሙጫው ስለሚያቆሽሽ ግን መሃል ላይ ቅጠል ይክበበው።

አሁን ስፌቱ። ሸሚዙን ቆልፋችሁ ዘርጉት፣ ሁለት አዝራሮች መሃል እንዲውሉ አድርጋችሁ 14 በ14 ሴንቲ ሜትር ከፊት ቁረጡ። ከጀርባው ያንኑ ያህል። አዝራሩ ከተቆረጠው ጠርዝ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከቀረበ የመኪናው መርፌ ይመታውና ይሰበራል። ከዚያ አንዱን አዝራር ፍቱ። ይህን የረሳ ሰው ዙሪያውን ሰፍቶ ሲጨርስ መገልበጫ ያጣል። ሁለቱን ጨርቆች መልካቸውን ወደ ውስጥ አጋጥማችሁ በ1 ሴንቲ ሜትር ዙሪያውን ስፉ። አዝራሩ ያለበት ጠርዝ ስለሚደራረብ እዚያ ላይ መኪናውን በእጅ እያዞራችሁ እለፉ። ማዕዘኖቹን ክሩን ሳትነኩ ከርክሙ፣ ገልብጡ፣ ተኩሱ።

በአዝራሮቹ መካከል ፍርፋሪ ስለሚወጣ ቅጠሉ በቀጥታ አይገባም። ከተቀደደ ነጠላ 13 በ13 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ደርባችሁ ሦስት ጎኑን ስፉ፣ ገልብጡ፣ ቅጠሉን ሁለት ሦስተኛ ድረስ ሙሉ፣ አፉን በእጅ ስፉት። ጢም ብሎ ከሞላ ሲጨመቅ ቅጠሉ አይንቀሳቀስም፣ ሽታም አይሰጥም። ነጠላው ከሳሳ ደርቡት።

ለአንድ መሳቢያ አንድ፣ ለቁም ሳጥን ሦስት ወይም አራት ይበቃል። የሐበሻ ቀሚስ ላይ በቀጥታ አታሳርፉት፤ የቅርንፉድ ዘይት ነጭ ጥጥ ላይ ቢጫ ሊተው ይችላል። መስቀያ ላይ ብታንጠለጥሉት ይሻላል። በየሳምንቱ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፤ ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ የውስጡን ቀይሩ። የሚታጠበው ሽፋኑ ብቻ ነው።

ብል ያጠፋል ብላችሁ ግን አትመኑት። ሱፍና ሐር የሚበላው የብሉ ትል ነው፣ ትሉም በመዓዛ አይሞትም። ብል የገባበትን ካፖርት በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አቆዩት፣ አራግፉት፣ የሳጥኑን ጥግ ጥረጉ፤ ከረጢቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።