የቴሌግራም ገጣሚ "ታወቀ" የሚባለው መቼ ነው?

የግጥም ቻናል አለኝ። ስለዚህ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፦ "እስቲ ቻናሌን እዪው፤ ታውቄያለሁ ወይስ ገና ነኝ?" እንዴት እንደማየው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሜምበር ቁጥሩን እለፉት። ሜምበር ይገዛል። ባይገዛም "ዌቭ" አለ፤ ቻናሎች ይሰባሰቡና የሁሉንም ሊንክ በአንድ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ሰው ሳያይ ይቀላቀላል፣ ድምፁን ይዘጋል፣ ይረሳዋል። ፌስቡክ ላይ ደግሞ "ጓደኛ ሞልቶብኛል" ማለት ማዕረግ የሚመስላቸው አሉ። 5,000 ግን ፌስቡክ የሚፈቅደው የጓደኛ ጣሪያ ነው እንጂ የአንባቢ ቁጥር አይደለም።

ቀጥሎ ከጽሑፉ ሥር ያለችውን ዓይን እዩ። ትናንት ማታ የተለጠፈውን ግጥም እስከ ዛሬ ማታ ስንት ሰው አየው? 20,000 ሜምበር ይዞ 600 ቪው ላይ የቀረ ቻናል ሰው የለበትም። 900 ሜምበር ይዞ 4,000 ቪው ካለው ግን ጆሮዬ ይቆማል። ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ የታየበትም እዚያው ላይ ስለሚደመር፣ ግጥሙ ከቻናሉ ወጥቶ እየዞረ ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። ዋናው ፍተሻ ግን ግጥሙ ስሙን ከጣለ በኋላ ያለው ነው። ፎርዋርድ ሲደረግ የቻናሉ ስም አብሮ ይሄዳል፤ ኮፒ ሲደረግ ይቀራል። የኛ ሰው ደግሞ ኮፒ ይወዳል! ከሥሩ "ከፌስቡክ መንደር" ይልበታል፣ አለቀ።

ስለዚህ ከግጥማችሁ አንድ ስንኝ ምረጡ፤ ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለውን። ርዕሱን አይደለም። "እናቴ" የሚል ግጥም ስፍር ቁጥር የለውም። ስንኙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጎግል ላይ፣ ከዚያ ፌስቡክ ላይ ፈልጉት። ፊደሉንም ቀያይሩ፤ እናንተ "ዓለም" ያላችሁትን ገልባጩ "አለም" ብሎት ይሆናል። ሲገኝ የላይኩን ብዛት ተዉትና አስተያየቶቹን ክፈቱ። የማታውቁት ሰው "ይሄ እኮ የእገሊት ነው፣ ስሟን ጻፉ እንጂ" ብሎ ከተቆጣ፣ ታውቃችኋል።

አንዲት የሐዋሳ ልጅ አለች፤ ሜምበሯ ሁለት ሺ አይሞላም። ስለ ታክሲ ረዳት የጻፈቻትን አጭር ግጥም አንድ ትልቅ ገጽ ያለ ስሟ ለጠፋት። እሷ ገና ሳታይ ከሥሩ ጭቅጭቅ ተነስቷል። አንዱ እንዲህ ይላል፦ "የእሷ ነው፤ ሁሌ የመጨረሻውን ስንኝ ቤት ሳትመታ ነው የምትተወው።" አያችሁ? ይሄ ሰው የሚያውቀው ፎቶዋን አይደለም፣ እጇን ነው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ተራኪ "በድምፅ ልሥራው?" ብሎ ካስፈቀደ ጥሩ ነው። "የሠርግ ግጥም ጻፊልን" የሚለውን አትቁጠሩት፤ እሱ ገጣሚ ያገኘ ቀን ሁሉ ይጠይቃል። ከሁሉም የምወደው ግን ፌዙን ነው። አንድ ቀልደኛ ግጥማችሁን አጣሞ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ቢጽፍበትና አንባቢው ማንም ሳያስረዳው ቢስቅ፣ ዋናውን በቃሉ ይዞታል ማለት ነው። እንዳትቆጡ፣ ሼር አድርጉት።

ይሄ ሁሉ ግን የመንደሩ ዝና ነው። ሚኒባስ ውስጥ ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው አያውቃችሁም፣ ሒሳብ ግን እኩል ትከፍላላችሁ።

ፍለጋውን ደግሞ በለጠፋችሁበት ሳምንት አታድርጉት። ኮፒ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። በዓል ሲመጣ ያረጀ ግጥም ሁሉ ከተኛበት ይነሳል፤ እኔ የምፈልገው በእንቁጣጣሽ ማግሥት ነው።